ለንባብ፣ ለድስትና ለትንሽ ጀብዱ፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የት ይከረማል?

ሰኔ ግም ሲል «ዘንድሮስ የት ልትከርም ነው?» የሚለኝ ወዳጅ አይጠፋም። መተዳደሪያዬ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ደግሞ ኪስ ከፈቀደ ክረምት ላይ በሩን ዘግተው የሚሄዱበት ሥራ ነው። እናም ሦስት ክረምት ተከታትዬ ያልተነበቡ መጻሕፍቴን በማዳበሪያ፣ ድስትና ቅመሜን በካርቶን አስሬ ሰሜን ሸዋን ስዞር ከርሜያለሁ። አንዳንዱ ቦታ ወር ተቀመጥኩ፣ አንዳንዱን በሳምንት ሸሸሁት።

ከተመለስኩ በኋላ ጥያቄው ይገለበጣል፤ «እኛስ የት እንሂድ?» ይሉኛል። ሌላው ሰው የሚሰጣቸው መልስ «ሁሉም ያምራል» ነው። እውነት ነው፣ ያምራል። ግን ሰው የሚከርመው አንድ ቦታ ስለሆነ መምረጥ ግድ ነው።

ሰሜን ሸዋ ስል ደብረ ብርሃንን መቀመጫው ያደረገውን የአማራ ክልል ዞን ማለቴ ነው። ፍቼና ደብረ ሊባኖስ ያሉበት የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ለብቻው ሊጻፍለት ይገባል። ምንጃርንም ትቼዋለሁ፤ ጤፉን እንጂ ክረምቱን አላውቀውም።

መጀመሪያ መመዘኛው

ብዙ ሰው ቦታ የሚመርጠው በፎቶ ነው። ፎቶው ደግሞ ጥቅምት ላይ የተነሳ ነው። ሐምሌ ላይ ያ ሁሉ ገደል፣ ያ ሁሉ አድማስ ጉም ነው። በጥሩ ቀን ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ዝናቡ ይመጣል፣ የቀረው ጊዜ ሁሉ ጣሪያ ሥር ነው። ስለዚህ እኔ ከመልክዓ ምድሩ በፊት የማየው ቤቱን ነው።

ለአከራይ አራት ጥያቄ አቀርባለሁ። ኮርኒስ አለው? ማድ ቤቱ ለብቻው ነው? መስኮቱ ወዴት ይመለከታል? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ኮርኒስን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። በረዶ ሲወርድ ባዶ ቆርቆሮ ሥር ማንበብ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብሎ ደብዳቤ እንደማንበብ ነው። አንድ መስመር አራት ጊዜ አንብቤ ማን ምን እንዳለ ሳላውቅ የቀረሁበት ቀን አለ።

ሁለተኛው መመዘኛ ድስቱ ነው። ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ ወደ አንድ ዲግሪ ያህል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን 96 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ባቄላ ስትቀቅሉ ግን ታውቁታላችሁ። ድስቱ ይንፈቀፈቃል፣ እናንተ ደስ ይላችኋል፣ ባቄላው ግን ድንጋይ እንደሆነ ነው። እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። መፍትሔው ዘፍዝፎ ማሳደር ወይም እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለውን ድስት ይዞ መሄድ ነው። በዚህ መመዘኛ ውስጥ ገበያውም አለበት፤ ሽንኩርት በየቀኑ የሚገኝበት ከተማና በገበያ ቀን ብቻ የሚገኝበት ከተማ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው እግር ነው። ጠዋት ወጥቶ ዝናብ ሳይጥል ቤት የሚያደርስ ትንሽ ጀብዱ አለ ወይ? መኪና የሚያስከራይ፣ አስጎብኚ የሚያስቀጥር ነገር እኔ ትንሽ ጀብዱ አልለውም።

አራተኛው መንገድና መብራት ነው። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የምትሄዱበት ቦታ የሚኖር ሰው ካላችሁ ደግሞ ደውሉ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር፣ አለም። ይህን ከሹፌሮች በላይ የሚያውቅ የለም።

ኪስን መጨረሻ አድርጌዋለሁ። በብር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ይህን እስክታነቡ ይለወጣል። ማን ከማን ይረክሳል የሚለው ግን በሦስቱም ዓመት አልተለወጠም።

ደብረ ብርሃን፦ ለጀማሪ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ አስፋልት፣ ከፍታው 2,840 ሜትር ገደማ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት የቆረቆሩት ከተማ ነው ይባላል፣ ስሙም ከዚያ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር አንዱ ይህን ታሪክ አንስቶ ይቀልዳል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እኔም መቀለድ ጀመርኩ።

ብርዱን ታውቁታላችሁ። ሰው የሚረሳው ብርዱ ሊጥ ላይ የሚሠራውን ነው። በመጀመሪያው ክረምቴ እንደ አዲስ አበባው ጤፉን በእርሾ አቡክቼ፣ ከድኜ፣ ማድ ቤቱ ጥግ አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት፤ አረፋ የለም፣ ሽታ የለም፣ ውሃው እንኳ ከላይ አልጠለለም። አከራዬ እትዬ መጡና ክዳኑን አንስተው አሸተቱት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ተኝቷል» አሉኝ። «በርዶት ነው፤ አልብሰው እንጂ!»

ቡሃቃውን አንስተው ወደ ራሳቸው ማድ ቤት ወሰዱት፤ እሳቱ ከሚነድበት ግድግዳ አጠገብ አስቀመጡትና በአሮጌ ጋቢ ጠቀለሉት። በማግስቱ ጠዋት ሊጡ ክዳኑን ሊያነሳ ደርሶ ነበር። ለሁለተኛው ዙር ያስተማሩኝ ይህ ነው፦ እርሾውን አብዛ፣ የምታቦካበት ውሃ ለብ ያለ ይሁን፣ አብሲቱን ሳይቀዘቅዝ መልሰው፣ ከዚያ አልብሰው። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያው እንጀራዬ ግማሹ ዓይናማ ግማሹ ልሙጥ ነበር። እትዬ ዓይናማውን ወገን ቆርሰው ቀመሱና ስለ ልሙጡ ምንም አላሉም። እኔ ይህን ደግነት እላለሁ።

ከሊጥ ጋር መታገል ለማይፈልግ ግን አገሩ የገብስ አገር ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በጠዋት በውሃና በጨው ጨብጦ፣ ጭብጦውን ኪስ ከቶ መሄድ ነው። ቂንጬ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ገንፎ አለ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ሥጋና ቅቤ እስከ 15 ድረስ ይቆማል፤ ያኔ ስልጆ የሚሠራ ቤት ፈልጉ። የባቄላው ዱቄትና ስናፍጩ ሲገናኙ አፍንጫን ሰንጥቆ ጉንፋንን ያባርራል። ሐኪም አይደለሁም፣ የኔን ግን አባሮታል።

ለእግር፦ የበሬሳን ወንዝ ተከትሎ መሄድ ጠዋት ይሆናል፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ግን ወንዙን አትሻገሩ። የሱፍና የብርድ ልብስ ሥራ የከተማው መታወቂያ ስለሆነ ገበያው ራሱ ግማሽ ቀን ይበላል። ብርድ ልብስ ከአዲስ አበባ አትሸከሙ። ትንሽ ራቅ ማለት ለሚፈልግ አንጎለላ አለ፤ ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት እዚያ ነው፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.። ጃቶ ደግሞ የአበበ ቢቂላ የትውልድ መንደር ነው፤ እሱም ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው የተወለደው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ቀንም ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። ሁሉም የክረምት ነገር! ይህን ለራሴ እየነገርኩ ነው ጭቃውን የምሄደው።

ጉድለቱ ጸጥታ ነው። ደብረ ብርሃን አሁን የፋብሪካ ከተማ ነው፤ ከባድ መኪናው ሌሊትም አያርፍም። ከዋናው አስፋልት ሁለት ሦስት መንገድ ገባ ብላችሁ ተከራዩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲለቁ ክፍል ስለሚገኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ መፈለግ ያዋጣል። ለንባብ የሚስማማው አጫጭር ልብ ወለድ ነው፤ የሚያቋርጥ ነገር አይጠፋምና።

አንኮበር፦ ለአንባቢ ብቻ

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረ፣ ሣህለ ሥላሴ በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክተኛ ሃሪስን የተቀበሉበት ዘመን የሚነሳበት አገር። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ቆላው እስከ አዋሽ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤ ማለትም ጥቅምት ላይ። ሐምሌ ላይ የታየኝ የራሴ ጫማ ነው፣ እሱም አንዳንዴ።

ጉሙ እዚህ ቤት ይገባል። ማጋነን አይደለም፤ በሩን ከፍቼ ቡና ስወቅጥ በደፍ በኩል ገብቶ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል። መጻሕፍቴን ግድግዳ ተደግፎ በቆመ መደርደሪያ ላይ ደርድሬ ነበር። በአሥረኛው ቀን አንዱን ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ሳነሳ እንደ ድፎ ዳቦ ነፍቷል፤ ገጾቹ እርስ በርስ ተያይዘው ሲላቀቁ «ጭርር» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ ቀላል ነው፦ የሚነበበው አንዱ ብቻ ይወጣል፣ ሌላው በፌስታል ታስሮ ሻንጣ ውስጥ ይቆያል፣ መደርደሪያ ግድግዳ አይነካም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ያነበብኩትን ያህል ሌላ ቦታ አላነበብኩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጨለማ ይመስላል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ጎረቤት የሚሰማው የልጆች ሳልና የበግ ድምፅ ነው። ረጅም ነገር፣ ዓመት ሙሉ የተፈራ መጽሐፍ የሚጀመረው እዚህ ነው። መብራት ስለሚጠፋ በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ ያዙ፤ ግን ጉም ባለበት ቀን ፀሐይዋም ስለማትገኝ ሻማ ይጨመርበት።

ድስቱ ደካማ ነው። ገበያው ጠባብ ስለሆነ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ ምስሩን ከደብረ ብርሃን ይዞ መምጣት ነው። ድንች፣ ጎመን፣ ሽሮ ከሆነ ችግር የለም። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎመን በድንች በልቻለሁ፤ «ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት የተረተው ሰው አንኮበር ከርሞ መሆን አለበት።

ጀብዱው ግን አለ፣ ለጠንካራ ጉልበት። በድሮው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ወደ አልዩ አምባ መውረድ። ቁልቁል ሲወርዱ ጉሙ ከላይ ይቀራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ በአንድ ጠዋት ከደጋ ቆላ ይገባል። መመለሱ ዳገት መሆኑን ሲወርዱ አለማሰብ ነው። ወፍ ለሚወድ ደግሞ በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ሳይንስ ያወቃት ገና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆነች ቡናማ ትንሽ ወፍ በገደሉ አፋፍ ትገኛለች። እኔ ያየኋት ይመስለኛል። ቡናማ ነበረች፣ ትንሽም ነበረች።

ደብረ ሲና፦ ለድስት

ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ነው፤ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ተራራውን ሰንጥቆ የሠራው፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ። በአንድ በኩል በጉም ገብቶ በሌላ በኩል በፀሐይ መውጣት የሚቻልበት ቀን አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ላይ «ኧረ!» ይላል። ከዋሻው በኋላ መንገዱ ተጠማዝዞ ይወርዳል፣ ከተማውም ተዳፋት ላይ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ምግብ ለሚያበስል ሰው እዚህ ከማነሳቸው አምስት ቦታዎች የሚሻለው ይህ ነው። ደብረ ሲና የሁለት አየር መገናኛ ነው። ከላይ ከመንዝ ገብስ፣ ባቄላና በግ ይወርዳል፤ ከታች ከሸዋ ሮቢት በኩል ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ፓፓያና ማንጎ ይወጣል። በአንድ ጠዋት ገበያ ዞሬ ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትና ለቁርስ የሚሆን ፓፓያ በአንድ ዘንቢል ይዤ ተመልሻለሁ። ማሾም ከታች ይመጣል፤ ቶሎ ስለሚበስል ለከፍታ ቦታ የተፈጠረ እህል ነው፣ ሳይዘፈዘፍ እንኳ ከባቄላ ቀድሞ ይደርሳል። በቀይ ሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ አድርጌ ለአከራዮቼ አቀረብኩላቸው። አባወራው ጋሼ ሁለት ጊዜ ጎርሰው «ይሄ ለሽያጭ የምንጭነው እህል አይደል እንዴ?» አሉ። ሦስተኛውንም ጎረሱ።

ቆሎውን የማያውቅ መንገደኛ የለም። መኪና ሲቆም ልጆቹ በመስኮት የሚያቀርቡት ለመንገደኛ ነው፤ እናንተ ግን ከርማችሁ ነውና ከሚቆሉት ሴቶች ዘንድ ሂዱ። ሲቆሉ ያየሁትን ልንገራችሁ። ገብሱ መጀመሪያ በውሃ ይርሳል፣ ይሸከሸካል፣ ገለባው ይወጣል፣ ከዚያ ብረት ምጣድ ላይ ይወጣል። ሴትዮዋ ሰዓት አታይም፤ ጆሮዋን ነው የምትሰጠው። መጀመሪያ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ አንዱ ጠብ፣ ሁለቱ ጠብ፣ ከዚያ እንደ ዝናብ ይንጣጣል፤ ንጣቱ መሳሳት ሲጀምር ታወርደዋለች። እኔ ቤት ሄጄ ሞከርኩት። ንጣቱን በሚገባ ሰማሁት፣ ጭሱንም በሚገባ አየሁት።

ለእግር የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ከደብረ ሲና እስከ አንኮበር በሚዘልቀው ተራራ ላይ የቀረ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ያለበት ጥንታዊ ደን። ብቻችሁን አትግቡ፤ የአካባቢውን ልጅ ይዛችሁ በጠዋት ግቡ። ጣርማ በር ላይ ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጩ ይታያሉ፤ ለዚህ አስጎብኚ አያስፈልግም።

አደጋውን መደበቅ አይገባም። ተዳፋቱ ይንሸራተታል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ይዛባ ወይን በተባለው አካባቢ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ሰው አፈናቅሏል። ቤት ስትከራዩ አዲስ የተቆረጠ አፈር ሥር ያለውን፣ ግድግዳው የተሰነጠቀውን ተዉት፣ ምንም ያህል ቢረክስ። የመጀመሪያ ክፍሌ አጠገብ ያለው አጥር ወደ እኔ ዘምበል ብሎ ነበር። አከራዩ «ኧረ እሱ ድሮም እንዲሁ ነው» ብለው አጽናኑኝ፤ በማግስቱ ለቀቅኩ።

መሐል ሜዳና ጓሳ፦ ለጀብዱ

ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጣርማ በር ወደ ግራ ተገንጥሎ መንዝ ይገባል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የጓሳው ሣር ምድር ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ይህን ሳር የአካባቢው ሰው ራሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ለዓመታት ይከለከላል፣ ሲደርስ ይከፈታል፣ ይታጨዳል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያሉበት፣ ጅብራ የቆመበት፣ ቶስኝ እግር ሥር የሚሸትበት ምድር ነው።

ያየሁት ትልቁ ነገር ግን ቀበሮ አልነበረም። ዝናቡ በድንገት ሲወርድ እኔ ውድ በሆነው የፕላስቲክ ካፖርቴ ውስጥ ከላይ በዝናብ ከውስጥ በላብ ረጥቤ ስንቀጠቀጥ፣ አንድ እረኛ ልጅ ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ ደርቦ በጎቹ መካከል ቁጭ ብሏል። ውሃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ልጁ ውስጡ ደረቅ ነው፣ ጉልበቱን አቅፎ ቆሎ ይቆረጥማል። ካፖርቴን አየና «ኸየት ነው የመጡት ጋሼ?» አለኝ። እዚያ «ከ» የምትባለው «ኸ» ናት፤ ጆሮ ላላቸው ጸሐፊዎች መንዝ ለዚህች ፊደል ብቻ ይከረምበታል።

ማብሰል እዚህ ትግል ነው። ውሃ 90 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ደረቅ ባቄላና ሽምብራ እርሱት። የደረቀ የተፈጨ ነገር ይሁን፤ ሽሮ፣ በሶ፣ ገንፎ፣ ተልባ። በግ ለሚበላ ከጾም ውጭ ጠቦቱ ጥሩ ነው፣ ግን ለአንድ ሰው በግ ማረድ የአንድ ሳምንት ችግር ነው፤ ጎረቤት ይጠራ። እዚያው የሚሸመነውን ባና እና ዝተት የሚባል ብርድ ልብስ ግዙ፤ ሱፍ ነው፣ ይከብዳል፣ ግን ይሞቃል። ንባቡ አልጋ ላይ ስለሆነ ግጥም ይመረጥ። ግጥም ገጹ ቶሎ ቶሎ አይገለጥም፤ እጅ ከባናው የሚወጣው በየአሥር ደቂቃው ነው።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ሲበርዳችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ ክፍል ውስጥ ይዛችሁ አትተኙ። ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም፤ በእንቅልፍ ይገድላል። ይህ ለአምስቱም ቦታ ነው፣ ግን ፈተናው የሚጠነክረው መንዝ ላይ ነው።

ሸዋ ሮቢት፦ ብርድ ለማይችል

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 1,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ። ሞቃት ነው። ሊጥ በሁለት ቀን ይነሳል፣ ባቄላ በጊዜው ይበስላል፣ ፍራፍሬው ርካሽ ነው። አስም ያለበት ወይም ጉልበቱን ብርድ የሚወጋው ሰው ካለ ቀጥታ እዚህ ይምጣ። አጎበር ግን ግዴታ ነው፤ ወባ አለ። እኔ ሳምንት ነው የቆየሁት። ማታ መጽሐፍ ከፍቼ መብራት ሳበራ የሮቢት ነፍሳት ሁሉ ለንባብ ይመጡ ነበር፤ ገጽ ባጠፍኩ ቁጥር አንድ ሁለቱ ውስጡ ይቀራሉ። መጽሐፉን ያዋሰኝ ሰው እስካሁን አላናገረኝም።

በአንድ ዓይን

| ቦታ | ከፍታ (ሜትር) | ለንባብ | ለድስት | ለትንሽ ጀብዱ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ደብረ ብርሃን | 2,840 ገደማ | መካከለኛ፤ ድምፅ አለ | ጥሩ፤ ሊጥ ይዘገያል | ቀላልና ቅርብ | ቤት ኪራዩ ይወደዳል፣ ትራንስፖርቱ ይረክሳል |
| አንኮበር | ከ2,400 በላይ | ከሁሉ ይበልጣል፤ እርጥበት ይጠበቅ | ደካማ፤ ገበያው ጠባብ | ከባድ ዳገት | ተራ ክፍል ርካሽ፣ ሎጅ ውድ |
| ደብረ ሲና | ከ2,600 በላይ | ጥሩ | ከሁሉ ይበልጣል | ጥሩ፤ ደን፣ ጭላዳ | ከአምስቱ ሚዛናዊ |
| መሐል ሜዳ | ከ3,000 በላይ | በባና ውስጥ ብቻ | ከባድ | ከሁሉ ይበልጣል | ኑሮው ርካሽ፣ ጉዞው ውድ |
| ሸዋ ሮቢት | 1,300 ገደማ | ቀን ጥሩ፣ ማታ ነፍሳት | በጣም ቀላል | ጥቂት | ምግቡ ርካሽ |

እንግዲህ ማን ወዴት?

አንድ ሳምንት ብቻ ያለው ሰው ከደብረ ብርሃን አይለፍ፤ ሌላው ቦታ ላይ ሳምንቱ በመላመድ ያልቃል። አንድ ቀን ጠዋት ጉሙ ከሳሳ አንኮበር ደርሶ መመለስ ይቻላል።

ወር ያለውና ገንዘብ ያጠረው፣ ብቻውንም የሆነ ሰው አንኮበር ክፍል ይከራይ፤ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ስለሌለ ይተርፋል። ከደብረ ብርሃን አንድ ማዳበሪያ ድንች፣ አምስት ኪሎ ሽሮና ሁለት ሊትር ዘይት ይዞ ይሂድ።

ልጆች ያሏቸው ሰዎች ደብረ ሲናን ይምረጡ። ቡሄም እዚያ ደስ ይላል፤ ነሐሴ 13 ልጆቹ ጅራፍ እያጮኹ ሆያ ሆዬ ሲሉ ይመጣሉ፣ እናንተም ሙልሙል ጋግራችሁ መጠበቅ አለባችሁ። በቂ ጋግሩ። እኔ አሥር ጋግሬ ሃያ ስድስት ልጅ መጣብኝ።

አቅሙ ያላቸውና አብሯቸው የሚሄድ ሰው ያገኙ ሁለቱን ያገናኙ፦ ሦስት ሳምንት ደብረ ሲና፣ አራት ቀን ጓሳ። ለጓሳው የማኅበረሰቡን መግቢያ ክፈሉ፣ የአካባቢውን ስካውት ያዙ። መሐል ሜዳ ላይ ወር መቀመጥን ለጸሐፊ አልመክርም፤ ጣት ሲደነዝዝ ብዕር አይያዝም። ለፎቶ አንሺ ሌላ ነገር ነው።

ሽማግሌ ወይም በሽተኛ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ሸዋ ሮቢት ይሻላል።

እኔ ራሴ የምመለሰው ደብረ ሲና ነው። የተዋጣ ቆሎ እስካወጣ ድረስ።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰኔ ላይ መሄድ ይቀላል፣ ጳጉሜ ላይ መመለስ ግን ጦርነት ነው፤ አገሩ ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ይንቀሳቀሳል። የመመለሻችሁን ቦታ ነሐሴ ሳያልቅ ያዙ። ጳጉሜ 3 ቀን የሩፋኤል ዝናብ ጥሎ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እየዘለልኩ ረጠብኩ፤ ደስ አለኝና ትኬት ሳልይዝ በማግስቱ መናኸሪያ ወረድኩ። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቆምኩ። በመጨረሻ የተገኘው መኪና ላይ የመጽሐፍ ማዳበሪያዬ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ከስምንት ዶሮ ጋር ታሰረ። አዲስ አበባ ስደርስ ዶሮዎቹ ደህና ነበሩ።